ስልኩን የምታነሳዋን ማን አሠለጠናት?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ከጥያቄው በፊት ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር ላውጣ።

ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የሴቶች ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ መጣች። የቀድሞ ፍቅረኛዋ የግል ፎቶዋን አንድ ግሩፕ ላይ ለቆባት ነበር። የቀረውንም እለቀዋለሁ እያለ ይዝትባታል። ልጅቷ ውሃ እንኳን መጠጣት አቅቷታል። እኔ ደግሞ ያንን ነገር ከዓይኗ ላርቅላት ፈለግኩ። ሁሉንም አጥፊው፣ አካውንትሽንም ዝጊው አልኳት። እዚያው ፊቴ አጠፋችው። ሁለታችንም ተንፈስ አልን።

በማግስቱ ፖሊስ ጋ ስትሄድ የምታሳየው ነገር አልነበራትም። ዛቻው የለም። የላኪው አካውንት ሊንክ የለም። ቀንና ሰዓት የለም። ይህ የሆነው በእኔ ምክር ነው። ለክፋት አልነበረም፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። የሚያስቆጨኝ ድርጅታችን በዚያው ዓመት የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና ወስዶ ነበር። የሄዱት ሥራ አስኪያጇና የፕሮግራም ኃላፊዋ ናቸው። ሰርተፍኬቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔና ልጅቷ የተቀመጥነው ከሰርተፍኬቱ ሥር ነበር።

አሁን እኔ ራሴ አሠልጣኝ ሆኛለሁ። የሴቶች ድርጅቶች በኦንላይን የሚደርስን ጥቃት እንዲከላከሉ፣ ጥቃት ሲደርስም ለተጠቂዋ እንዲደርሱላት ነው የማሠለጥነው። አቋሜ ይህ ነው፦ ሰው እየመረጥን ያለነው በስህተት ነው። መጀመሪያ መሠልጠን ያለባት ስልክ የምታነሳዋ፣ በር የምትከፍተዋ፣ የገጹን ኢንቦክስ የምታነበዋ ሴት ናት። ጥቃት የደረሰባት ሴት መጀመሪያ የምታገኘው እሷን ነውና። ለሚቀጥለው ሥልጠና ሦስት ቀን ተሰጥቶኛል። ምን ላስገባ? ምን ልተው?

መልሶቹ

ከጠበቅኩት በላይ ብዙ ሰው መለሰ። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው እየተረክኩ አስቀምጣለሁ። ቃል በቃል አይደለም፤ እኔ በገባኝ መንገድ ነው። መሃል መሃል ላይ የራሴንም እናገራለሁ።

መልስ 1፦ ለረጅም ዓመት ያሠለጠነች ሴት ናት። በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። በሐሳቤ ትስማማለች። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር እንዳልከፍት መከረችኝ። ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዷ ደዋይ፣ ሌላዋ ስልክ ተቀባይ ትሁን። ደዋይዋ አንዴ ስሟና አድራሻዋ የተለቀቀባት፣ አንዴ በስሟ የሐሰት አካውንት የተከፈተባት፣ አንዴ መቶ ሰው በአንድ ሌሊት የተረባረበባት ሆና ታውራ። እሷ እንደምትለው ፓስወርድ በቀላሉ ይለመዳል። ሰውን ሳይቸኩሉ ማዳመጥ ግን ልምምድ ይፈልጋል።

መልስ 2፦ ይህ መልስ ረጅም ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። የጻፈችው ለተጠቂዎች ማስረጃ የምታሰባስብ ልጅ ናት። ስክሪንሾት ብቻውን እንደማይበቃ አስረዳች። ሙሉ ሊንኩ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የአካውንቱ ስም አብረው መያዝ አለባቸው። ስም ደግሞ በደቂቃ ስለሚቀየር የፕሮፋይሉ ሊንክ ወይም መለያ ቁጥሩ ይቀመጥ። ከፕሮፋይሉ ተነስቶ እስከ መልእክቱ ድረስ እያሳየ የሚሄድ የስክሪን ቪዲዮ ቢኖር ይሻላል፤ ስክሪንሾትን ቆርጠሽ ቀጥለሽ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። በተራ ደብተር ላይ ቀን በቀን የሚጻፍ መዝገብም ብዙ ይረዳል። ሁሉ ተይዞ ካለቀ በኋላ ነው ሪፖርት ማድረግና ብሎክ ማድረግ የሚመጣው። ልጥፉ ከተነሳ ወይም አካውንቱ ከተዘጋ በኋላ ማስረጃ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያም ጨመረች። ተጠቂዋ ያንን ሁሉ ስድብ ደግማ እንድታነብ ማድረግ በራሱ ጉዳት ነው፤ የምታምነው ሰው አብሯት ተቀምጦ ቢሰበስብላት ይመረጣል። ሁለተኛው በጣም ከባድ ነው። ምስሉ ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ከሆነ ማንም የድርጅት ሠራተኛ ኮፒ አያስቀርም፣ ለማንም አያስተላልፍም። በብዙ አገር ምስሉን መያዙ ራሱ ወንጀል ነው። ሊንኩን ብቻ ጽፎ ለሚመለከተው አካል ማድረስ ነው። ይህን በማንኛውም የሥልጠና ወረቀት ላይ አይቼው አላውቅም። እኔ ከእንግዲህ ከፊት ገጽ ላይ አደርገዋለሁ።

መልስ 3፦ አንድ ወጣት በደስታ ተሞልቶ ጻፈ። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል አገልግሎት እንዳለ፣ ፎቶውን ከመላው ኢንተርኔት ላይ እንደሚያጠፋ፣ ሥልጠናው እሱን ብቻ ቢያስተምር እንደሚበቃ ነገረን።

መልስ 4፦ አራተኛዋ መላሽ አረመችው። ትንሽ ቆጣ ብላለች፤ ግን እውነቷን ነው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የተጀመረ ነው፤ የሚያስተዳድረው እንግሊዝ አገር ያለ የተጠቂዎች የእርዳታ መስመር ነው። ከመላው ኢንተርኔት ላይ ምንም አያጠፋም። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ምስሉ ከተጠቂዋ ስልክ አይወጣም። እዚያው ስልኳ ላይ ሃሽ የሚባል የቁጥር አሻራ ይወጣለታል። አሻራው ብቻ ለተባባሪ ኩባንያዎች ይደርሳል፤ እነሱም ያንን ምስል መድረካቸው ላይ ሲያገኙት መመሪያቸውን የሚጥስ ከሆነ ያነሱታል። ያልተባበረ ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ የግል መልእክት ውስጥ ገብቶም አያይም። ምስሉ ተቆራርጦ ወይም ተለውጦ ከወጣ አሻራው ላይገጥም ይችላል። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ደግሞ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ሌላ አገልግሎት አለ፤ አሜሪካ ያለው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ማዕከል ነው የሚሠራበት።

መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር የጻፈችው ነገር እኔን ነካኝ። አሻራውን ለማውጣት ምስሉ በእጅ መኖር አለበት። ለካ ያቺን ልጅ አጥፊው ስላት ማስረጃዋን ብቻ አልነበረም የወሰድኩባት። ምስሉ ሌላ ቦታ እንዳይወጣ የምትከላከልበትን መንገድም ነው የዘጋሁባት። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

መልስ 5፦ አጭር ናት። ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ሴቶች 73 በመቶ የሚሆኑት ጥቃት ስለደረሰባቸው ሥልጠናው ለድርጅት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሴት ይሰጥ የሚል ነው።

መልስ 6፦ ቁጥሩን በጨዋ ቋንቋ ያረሙት አንዲት ተመራማሪ ናቸው። ያ 73 በመቶ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 ከዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ማዕከል ጋር ያካሄደው ጥናት ላይ የተገኘ ነው፤ መልስ ከሰጡት ሴት ጋዜጠኞች መሃል ማለት ነው፤ ስለ ሴቶች ሁሉ አይናገርም። እዚያው ጥናት ላይ 20 በመቶዎቹ ከኦንላይኑ ጋር የተያያዘ ጥቃት በአካልም እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ስለ ሌሎች ሴቶች መጥቀስ ለፈለገ ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት በ51 አገሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው አለ፤ እዚያ ላይ 38 በመቶዎቹ በራሳቸው እንደደረሰባቸው፣ 85 በመቶዎቹ ደግሞ በሌላ ሴት ላይ ሲደርስ እንዳዩ ተመዝግቧል። እኔ የምጨምረው የሴቶች ድርጅት የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ስብሰባ ከገባ ትክክለኛውንም የሚሰማው አያገኝም። አምስተኛዋ አመስግና ጽሑፏን አስተካከለች።

መልስ 7፦ ወሬው እዚህ ላይ ተበላሸ። አንድ ሰው ገብቶ ይህ ሁሉ ሥልጠና ከንቱ እንደሆነ ጻፈ። ሴቶቹ መጀመሪያውኑ ፎቶ ባይልኩ ምንም አይመጣም ባይ ነው።

መልስ 8፦ መላሿ ትዕግሥቷ አልቋል። ስንት ሴት ምንም ሳትልክ እንደተጠቃች ጠየቀችው። ዛሬ ዲፕፌክ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሰው መልክ ተቀጥሎበት የሚሠራ የሐሰት ምስልና ቪዲዮ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዲፕትሬስ የተባለ ድርጅት ያገኛቸውን የዲፕፌክ ቪዲዮዎች ሲቆጥር 96 በመቶዎቹ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የተሠሩ የወሲብ ቪዲዮዎች ነበሩ፤ የተጠቁት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ያኔ ሙያ ይፈልግ ነበር። አሁን ማንም ሰው በስልኩ ይሠራዋል። ለሥራ መታወቂያ የተነሳችው ፎቶ ይበቃል። የላከች ሴት ብትሆንስ? በእምነት ለአንድ ሰው የላከችውን ለሺህ ሰው የበተነው እሱ ነው። ጥያቄው ለእሱ መቅረብ ሲገባው ሁልጊዜ ለእሷ የሚቀርበው ለምንድን ነው?

መልስ 9፣ 10 እና 11፦ ሰባተኛው ተመልሶ መጣ። የሴት ልጆች አባት እንደሆነና የተናገረው ለመጠበቅ ብሎ እንደሆነ ገለጸ። ሌላ ሰው ደግሞ ልጆቹ አንድ ነገር ቢደርስባቸው ለእሱ እንደማይነግሩት ጻፈችለት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላወራም፤ መሳደብ ነበረበት። የመድረኩ አስተባባሪ ገብተው ሁለት መልስ አነሱና ሁሉም በአክብሮት እንዲጽፍ አሳሰቡ።

ብዙ ሰው ይህን ክፍል ለምን አላስጠፋሽውም ብሎ በግል ጽፎልኛል። ሆን ብዬ ነው። ያ የሰባተኛው አነጋገር ሥልጠና አዳራሽ ውስጥም ይመጣል። እኔ ራሴ ከሴቶች ድርጅት ሠራተኛ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ለዚያውም በጣም ደግ ከሆነች ሴት። እሷ ያንን አነጋገር ይዛ ስልክ ካነሳች ደዋይዋ ያለቀላት በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ምነው ላክሽለት ተብላ የተጠየቀች ሴት ሁለተኛ አትደውልም። ስለዚህ አሠልጣኙ ነገሩ ሲነሳ ደንግጦ ማለፍ የለበትም። ይነሳ፣ ይብላላ፣ ከዚያ በፊት ማንም ስልክ አጠገብ አይቀመጥ።

መልስ 12፦ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ወሬውን ወደ ስልክ ስለላ ወሰደው። ባሏ ወይም ፍቅረኛዋ ስልኳ ላይ ሰላይ መተግበሪያ ከጫነባት መፍትሔው ቀላል እንደሆነ አስረዳ። ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሪሴት ማድረግ (ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር)፣ ፓስወርዶችን ሁሉ መቀየር፣ አለቀ። ድርጅቶቹም ይህንን ይሠልጥኑ አለ።

መልስ 13፦ በሙሉው ውይይት ውስጥ እንደዚህ ያለ ኃይለኛ መልስ የለም። የጻፈችው የመጠለያ ሠራተኛ ናት። ይህ ምክር ሰው ሊያስገድል እንደሚችል በግልጽ ነገረችው። የሚሰልል ሰው ስለላው በድንገት ሲቋረጥበት ወዲያው ያውቃል። ሴትየዋ ደግሞ ያን ሌሊት አብራው ነው የምታድረው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው የደኅንነት ዕቅድ ነው፦ ወዴት ትሄዳለች፣ ማን ይቀበላታል፣ ልጆቹስ? እስከዚያ ድረስ የተጠረጠረውን ስልክ ሳትነካ በሌላ ስልክ ትገናኝ፤ በጓደኛዋ ወይም በድርጅቱ ስልክ። ከድርጅቱ ጋር የምታወራውን ሁሉ በዚያ በሚታየው ስልክ ላይ አትፈልግ፣ አትጻፍ። አሜሪካ ያለው የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚከላከል ብሔራዊ ጥምረት ሴፍቲ ኔት በሚባለው ፕሮጀክቱ ይህንን ለዓመታት ሲያስተምር እንደቆየ ጠቀሰች። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተው የሰላይ መተግበሪያዎች ተቃዋሚ ጥምረትም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ቀጥላም ብዙውን ጊዜ ሰላይ መተግበሪያ የሚባለው ነገር ጭራሽ እንደማይኖር ጻፈች። ሰውየው ፓስወርዷን ያውቀዋል፤ በቃ። ወይም አንድ ቀን ስልኳን ተቀብሎ ዋትስአፕዋን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶታል። ወይም የቤተሰብ አካውንት ስለሚጋሩ ያለችበትን ቦታ ያያል። ወይም ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ መከታተያ ጥሏል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ወዲህ አይፎንም አንድሮይድም የማያውቁት መከታተያ አብሯቸው ሲንቀሳቀስ እንዲያስጠነቅቁ ተደርገዋል፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ግን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሠልጣኞች የዋትስአፕን የተገናኙ መሣሪያዎችና የቴሌግራምን ክፍት መግቢያዎች ማየት ይማሩ። ማየት ነው ያለችው፤ ተጠቂዋ ሳትወስን ማስወጣት አይደለም።

መልስ 14፦ አሥራ ሁለተኛው ተመልሶ አመሰገናት። ስለ መሣሪያው እንጂ መሣሪያውን ስለያዘችው ሴት እንዳላሰበ ጽፎ ምክሩን አነሳ። እንዲህ ያለ መልስ ኦንላይን ላይ ብዙም አይገጥመኝምና አክብሬዋለሁ።

መልስ 15፦ እዚህ ላይ ወሬው ትንሽ ሸሸ። አካውንት ሲከፈት ከፓስወርድ ሌላ ኮድ የሚሰጠው የትኛው የማረጋገጫ መተግበሪያ ይሻላል፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ይታመናል ወይ፣ ፓስወርድ በደብተር ቢጻፍ ነውር ነው ወይ የሚል ነገር ተነሳ። ከዚያ ውስጥ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ኤስኤምኤስ ከምንም ይሻላል፤ ሲም ካርዱ በአጥቂዋ ስም ከወጣ ግን ኮዱ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ አስቡ።

መልስ 16፦ አንዲት የድርጅት ጸሐፊ ስለ ቤታችን ጉድ ጻፈች። የድርጅታቸው የፌስቡክ ገጽ አንድ አድሚን ብቻ ነበረው። ልጁ ሥራ ለቀቀ፣ ቁጥሩንም ቀየረ። ከዚያ ገጹ ተጠለፈ። የሚያስመልሰው ሰው አልነበረም። ኢንቦክሱ ውስጥ የሴቶች ምስጢር ነበረ። የሁለት ዓመት ምስጢር። ስማቸው፣ የደረሰባቸው፣ የሚደበቁበት ቦታ። የኢሜይሉ ፓስወርድ ደግሞ በወረቀት ተጽፎ ከአታሚው ማሽን ላይ ተለጥፎ ነው የኖረው። ሌሎችን ለመጠበቅ ከመሠልጠናችን በፊት የራሳችንን በር እንዝጋ አለች። ሁለት አድሚን ይኑር፤ ሠራተኛ ሲለቅ በዚያው ቀን መዳረሻው ይነሳ፤ የቆየ መልእክት በየጊዜው ወደ ተጠበቀ ቦታ ይዛወር ወይም ይጥፋ።

እሷው ናት ስለ ሥልጠና ፎቶ ያነሳችው። በየሥልጠናው መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው ስም የተጻፈበትን ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይነሳል። ማታውኑ ገጹ ላይ ይወጣል። ከስንት ሰው ተደብቃ የመጣች ሠልጣኝ አለች! የኦንላይን ጥቃትን ለመከላከል የተጠራ ስብሰባ የተሰብሳቢዎቹን ስምና መልክ ራሱ ይበትናል። እኔም አድርጌዋለሁ። ያነሳኋቸውን የቆዩ ፎቶዎች ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አወረድኩ።

መልስ 17፦ የሕግ ባለሙያ ናቸው፤ ረጋ ብለው ነው የጻፉት። በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚከታተሉት ልዩ ራፖርተር (እየመረመሩ ሪፖርት የሚያቀርቡ ባለሙያ) እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኦንላይን ጥቃት ሪፖርት አቅርበው ነበር። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2022 ሴቶችን ከዲጂታል ጥቃት ስለመጠበቅ ቁጥር 522 የተባለውን የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ የግል ምስልን ያለ ፈቃድ ማሰራጨትን፣ በኮምፒውተር የተሠራውንም ጭምር፣ ወንጀል አድርጎታል፤ አባል አገሮች እስከ ሰኔ 2027 በየሕጋቸው ማስገባት አለባቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ መድረኮች ጥያቄ በደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ምስል እንዲያነሱ ያስገድዳል። ስለ ሜክሲኮም ተናገሩ። ኦሊምፒያ ኮራል ሜሎ የምትባል ሴት በራሷ ላይ የደረሰውን ይዛ ተነሳች። ከፑዌብላ ግዛት ተነስታ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ለዓመታት ታገለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በስሟ የሚጠራው የሕግ ማሻሻያ በአገር ደረጃ ጸና።

ከዚህ ሁሉ ግን ለሥልጠናው የሚጠቅመው የመጨረሻው ምክራቸው ነው። ኢንተርኔት የሚል ቃል ያለበት ሕግ እስኪወጣ አትጠብቁ። ማስፈራራትና አስፈራርቶ ገንዘብ መጠየቅ በብዙ አገር የቆየ ወንጀል ነው። በሌላ በኩል ጥንቃቄ አለ። ሴቲቱ የአጥቂዋን ስም በአደባባይ ስትጽፍ በስም ማጥፋት ልትከሰስ ትችላለች። ድርጅቱ በገጹ ላይ ከመለጠፉ በፊት ጠበቃ ያማክር።

መልስ 18፦ አሥራ ስምንተኛው ተናዷል። ሕጉ የሰው አገር ነው፣ ሪፖርት የሚለውን ቁልፍ ሃያ ጊዜ ብንጫን የሚመጣው መልስ መመሪያችንን አልጣሰም የሚል ነው፤ እንግሊዝኛ ባልሆነ ቋንቋ የተጻፈ ዛቻ ማን ያነበዋል ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ ማንም አልተቃወመውም። አራተኛዋ ተመልሳ የምታደርገውን አካፈለች። ጉዳዩን ለማስረዳት ቦታ በተገኘበት ሁሉ ስድቡን ተርጉማ ትልካለች። መዝገበ ቃላት ላይ ንጹሕ የሚመስለው ቃል ለምን የግድያ ዛቻ እንደሆነ ሁለት መስመር ትጽፋለች። የሪፖርቱን ዓይነትም በጥንቃቄ ትመርጣለች፤ የግል ምስል የተለቀቀባትን ሴት ጉዳይ ትንኮሳ ብሎ መላክ ሪፖርቱን ወደ ተሳሳተ ወረፋ ያስገባዋል። ያም ካልሠራ አክሰስ ናው የሚባለው ድርጅት ለመብት ተሟጋቾችና ለማኅበራት 24 ሰዓት የሚሠራ ነፃ የእርዳታ መስመር አለው፤ በተለያዩ ቋንቋዎች ይመልሳሉ። ይህን የእርዳታ መስመር ብዙ የሴቶች ድርጅት አያውቀውም።

መልስ 19፦ አራት መስመር ብቻ ናት። የጻፈችው ምስሎቹን እያየች ሪፖርት የምታደርግ ሠራተኛ ናት። ማታ ዓይኗን ስትጨፍን እንደሚመጡባት፣ ለማን እንደምትናገር እንደማታውቅ ነገረችን። ስለ ምስሎቹ ለባልደረባዋ መንገር ምስጢር ማውጣት መስሎ ይታያታል። ምን ያህል ሰው ልብ እንደሰጣት አላውቅም። እኔ በግል ጻፍኩላት። በሥልጠናው ላይ ለእሷ ዓይነት ሰው ቦታ አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። ሥራው በተራ ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻውን አይይዘው፤ ምስሉ ድምፁ ጠፍቶና ትንሽ ሆኖ ይታይ፤ የተጠቂዋን ስም ሳያነሱ ስለ ራስ ስሜት ማውራት ደግሞ ምስጢር ማውጣት አይደለም።

መልስ 20፦ አንድ ለጋሽ ድርጅት ውስጥ የሠሩ ሰው ስለ ገንዘቡ ነገሩን። የሚጠየቀው ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ስለሆነ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ቁጥር ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 10፣ ባለው የ16 ቀን ዘመቻ ላይ አዳራሽ አይገኝም። የ2025ቱ ዘመቻ መሪ ሐሳብ ራሱ ዲጂታል ጥቃት ነበር። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ሦስቱን ቀን በአንድ ሳምንት ከምጨርሰው በየወሩ አንድ አንድ ቀን እንዳደርገው፣ በመሃል ሠልጣኞቹ እውነተኛ ጉዳይ ሲገጥማቸው የሚደውሉልኝ እንዲሆን መከሩኝ። ይህን ወስጃለሁ። ለድርጅቶቹ በምልከው ደብዳቤ ላይም አንድ ቅድመ ሁኔታ ጽፌአለሁ፦ ከሁለት ተሳታፊዎች አንዷ ስልክ የምታነሳው ትሁን።

መልስ 21፦ ውይይቱ አልቆ ሁሉም ሰው ከሄደ ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ልጅ ጻፈች። የአንድ የሴቶች ድርጅት እንግዳ ተቀባይ ናት። ሁሉንም መልስ ከላይ እስከ ታች እንዳነበበች፣ ለእንደዚህ ዓይነት ሥልጠና ተጠርታ እንደማታውቅ ገለጸች። ጥያቄዋ አንድ ነበር። አንዳንድ ሴት ትደውልና ታለቅሳለች፣ ምንም አትናገርም፤ ያኔ ምን ትበል?

ለሰዓታት ማንም አልመለሰላትም። እኔም ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ማታ ላይ አሥራ ሦስተኛዋ፣ ያቺ ኃይለኛዋ የመጠለያ ሠራተኛ፣ ተመለሰች። በእህትነት ነው የጻፈችላት። አትቸኩዪ፣ መስመሩ ላይ እንዳለሽ ብቻ አሳውቂያት። ትንሽ ስትረጋጋ አጠገቧ ሰው መኖር አለመኖሩን በአዎና በአይደለም እንድትመልስ አድርገሽ ጠይቂያት። ምንም ነገር ገና እንዳታጠፋ ንገሪያት። ከሁሉ በፊት ግን ስልኩ ቢቋረጥ ምን እንደምታደርጊ አብራችሁ ተስማሙ። መልሰሽ ካልደወልሽ የተተወች ሊመስላት ይችላል። መልሰሽ ከደወልሽ ደግሞ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ሊሆን ይችላል።

ልጅቷ ያንኑ ሌሊት መለሰች። እስከ ዛሬ ስልኩ በተቋረጠ ቁጥር ወዲያውኑ መልሳ ትደውል እንደነበር ጻፈች።